ነሐሴ በዓባይ በረሃ

ጎሃ ጽዮን የደረስነው ረፋድ ላይ ቢሆንም ከተማዋ ገና ከጉም አልወጣችም። ካፊያው አላባራም፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ጥጉን ይሄዳል። ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ የተቀመጠች የሰላሌ ከተማ ናት። ከእሷ በኋላ ሜዳው በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። እስከ ድልድዩ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል፤ ማዶ ደግሞ ያንኑ ያህል ተወጥቶ ደጀን ይገባል። ብዙ ተጓዥ ይህን መንገድ የመኪናውን መጋረጃ ስቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሰላም አሳልፈን እያለ ነው የሚሻገረው። እኔ ስለ ውሃ፣ ስለ አየርና ስለ ድንጋይ ክፍል ውስጥ የሰማሁት ሁሉ የገባኝ እዚህ ቁልቁለት ላይ ስለሆነ፣ በየመታጠፊያው ለመቆም ብዬ ኮንትራት መኪና ይዤ ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ የሚለወጠው አየሩ ነው። የክረምቱ እርጥበት ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ከአትላንቲክ ተነስቶ በኮንጎ ደን ላይ ያልፋል፣ ከሕንድ ውቅያኖስም ይጨመርበታል። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትዞር የሐሩር ነፋሶች የሚገናኙበት ቀጠናም ተከትሏት ይወጣል። እርጥቡ አየር ከደጋው ጋር ሲጋጠም ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ተኑ ጠብታ ይሆናል። ጎሃ ጽዮንን የሸፈናት ጉም ይኸው ነው። ወደ ሸለቆው የሚወርደውን አየር የሚገጥመው ተቃራኒው ነው፦ እየታመቀ ይሞቃል፣ ደመናውም ይበተናል። በአማካይ 1,000 ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይጨምራል። ፍልቅልቅ የምትባለው የመንገድ ዳር መንደር ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ላይ የተውነው ጤፍና ስንዴ ነበር፤ ታች ግን ማሽላና ግራር ነው።

ከአፋፉ ጀምሮ ገደሉ ጥቁር ነው። ይህ ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ እየፈሰሰ የኢትዮጵያን ደጋ ያለበሰው ቅላጭ ድንጋይ ነው። አብዛኛው የወጣው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መሆኑ በእድሜ ልኬታ ታውቋል፤ በምድር ታሪክ ይህ አጭር ጊዜ ነው። እንደ ደረጃ የሚታየው እያንዳንዱ እርከን አንድ ፍሰት ነው። በሁለት ፍሰቶች መካከል አልፎ አልፎ ቀይ ሸክላ ይታያል። እሳቱ ጋብ ባለባቸው ዘመናት ዝናብና ሙቀት ድንጋዩን አፈር አድርገውት ነበር፤ ቀጣዩ ፍሰት መጣና ቀበረው።

ከአንደኛው ቀይ መስመር ስር አንድ ሽማግሌ አህያቸውን ውሃ ያጠጣሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን።

"አባባ፣ ይህ ምንጭ በጋም አይደርቅም?"

"ይቀጥናል እንጂ አይደርቅም፣ ልጄ። ውሃ የምንፈልገው ቀዩን አፈር አይተን ነው። ከጥቁሩ ድንጋይ መሀል ብትቆፍር ድካም ነው ትርፍህ።"

ከዚህ የተሻለ የከርሰ ምድር ውሃ ትምህርት አላውቅም። ዝናቡ በተሰነጣጠቀው ባዛልት ውስጥ ሰርጎ ይወርዳል፤ ሸክላው አላሳልፍ ሲለው ወደ ጎን ይሄድና ገደሉ የሸክላውን ጫፍ በገለጠበት ቦታ ይፈልቃል። የነሐሴ ዝናብ በየካቲት የሚጠጣው በዚህ መንገድ ነው።

ሽማግሌው እስከ ታችኛው መታጠፊያ አብረውን ወረዱ። እዚያ ጥቁሩ አልቆ ግራጫና ቢጫ የቀላቀለው የኖራ ድንጋይ ይጀምራል። በምስማር ጫር አድርጌ ዱቄቱ ላይ አቼቶ ጠብ ሳደርግበት አረፋ ደፈቀ። ጥቁሩ ድንጋይ በተመሳሳይ ሙከራ ዝም ይላል። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ውስጡ ተቀብረው የቀሩትን የባሕር ዛጎሎች አሳየኋቸው።

"ታዲያ የጥፋት ውሃ ነዋ!" አሉ ወዲያው።

"አባባ፣ ይህ ባሕር እዚህ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ነው የቆየው። ይህ የኖራ ድንጋይ ከባሕር ወለል ላይ ቀስ እያለ የተከማቸ ነው።"

ዛጎሉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ለረጅም ጊዜ ወደ ገደሉ ተመለከቱ። "እኛ ደግሞ አጥር እናጥርበታለን" አሉ።

የኖራ ድንጋዩ 400 ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል የገባ ሲሆን የዚህ ድንጋይ እድሜ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። አንታሎ የሚለውን ስም ያወጣለት ዊልያም ብላንፎርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የተጓዘ የሥነ ምድር ባለሙያ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በኖራውና በባዛልቱ መካከል ያለው ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ ዘመን ነው። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን የሚመሰክር አሸዋ ድንጋይ በየቦታው ቢገኝም፣ የቀረውን ዝናብና ጎርፍ ጠርገው ወስደውታል።

ከኖራው በታች ነጭ ጂፕሰም ከሸክላማ ድንጋይ ጋር እየተፈራረቀ ይመጣል። በጥፍር ይጫራል፤ ለሲሚንቶ ሥራ ይቆፈራል። ጂፕሰም የሚፈጠረው ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ በደረቅና ሞቃት አየር ሲተን ስለሆነ፣ ይህ ድንጋይ የአየር ንብረት መዝገብ ነው፦ ዛሬ ጎርፍ የሚያጥበው ቦታ ያኔ ለትነት የተጋለጠ ጥልቀት አልባ ባሕር ነበር። የመንገዱም ጣጣ የሚጀምረው እዚሁ ነው። ጂፕሰም በውሃ ይሟሟል፣ ሸክላው ረጥቦ ያብጣል፣ ከላይ የተጫነው ድንጋይና አፈርም ይንሸራተታል። አስፋልቱ በየክረምቱ እየተሰነጠቀ ወደ ገደሉ የሚሰምጠው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ፣ በአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ገደሎች መካከል፣ ወንዙ ራሱ። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ከተሠራው የህዳሴ ድልድይ አጠገብ ቆሜ ቁልቁል ሳየው ደፍርሶ ቀልቷል። ዓባይ በዓመት ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ከሀገር ይዞ ይወጣል፤ አብዛኛው በእነዚህ ጥቂት የክረምት ወራት የሚፈስ ነው። ደጋው ከፍ ባለ ቁጥር ወንዙ እየቦረቦረ የወረደው ይህንን ሸለቆ ሠራ፤ ሥራውንም አላቆመም። አሁን የሚያሳስበኝ ግን ከማሳ የሚወስደው አፈር ነው። ያ ጥቁር ባዛልት አፈር እስኪሆን እጅግ ረጅም ዘመን ፈጅቷል፤ አንድ ዶፍ ግን እርከን ከሌለው ማሳ ላይ በአንድ ከሰዓት ይወስደዋል። ቀድሞ የግብፅን እርሻ ያለማ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ በተጣለው በታላቁ የህዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይዘቅጣል። እርከን የሚሠራ ገበሬ ከራሱ ማሳ ጋር ግድቡንም ይጠብቃል።

በዚህ ሁሉ ቁልቁለት ላይ "ፍጥነት ቀንስ" ከሚሉት በቀር ስለ ድንጋዩ አንዲት ቃል የሚናገር ሰሌዳ አላየሁም። በየድንጋዩ መለወጫ ስሙንና እድሜውን የያዘ ሰሌዳ መትከል ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉት የሁለቱ ክልሎች የቱሪዝም ቢሮዎችና በአቅራቢያው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው ሊያደርጉት ይገባል። የጂኦግራፊ መምህራንም ሰሌዳውን አትጠብቁ። ዝናቡ ሲያባራ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ውረዱ፤ አቼቶና ምስማር ያዙ፣ የአካባቢውንም ሽማግሌዎች ጠይቁ።