በየትኛው የኮድ ቋንቋ እንጀምር?

«ድረ ገጽ መሥራት ልንማር ነው» ስንል ሞያሌ ላይ የሰማን ሁሉ አንዳንድ ስም ይጥልልናል። አንዱ ፓይተን ይላል፣ ሌላው ሪአክት፣ ሦስተኛው ላራቬል። ሁሉም ደህና ናቸው፤ ግን «ምን ልትሠሩበት ነው?» ብሎ የጠየቀን የለም።

የምንሠራበት የታወቀ ነው፤ የዱቤና የዕቃ መዝገብ። በብር ገዝተን በሽልንግ፣ በሽልንግ ገዝተን በብር የምንሸጥ ነን። በተለይ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የዕለቱን ምንዛሪ ከሽያጩ ጎን ያልጻፈ ነጋዴ ትርፉን አያውቀውም። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት መዝገቡን ሠርቶልን ነበር። ናይሮቢ ሥራ አግኝቶ ከሄደ በኋላ መዝገቡ ቆመ፤ ኮዱን ከፍቶ የሚያይልን ሰው አጣን። የሦስት ወር ዱቤ ከየደብተራችን እንደገና ለቀምን። እንማር ያልነው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ቋንቋዎቹን በሦስት ጥያቄ መዘንናቸው፦ ሥራችንን ይሠራል ወይ? በትንሽ ገንዘብ ይቆያል ወይ? ሲበላሽ የሚያስተካክለው ሰው በቅርብ ይገኛል ወይ?

ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ምርጫ ውስጥ አይገቡም። ገጹ የሚቆመው በመጀመሪያው ነው፤ መልክ የሚይዘው በሁለተኛው። ቀጥሎ ጃቫስክሪፕትን ያዝን። ብራውዘር ውስጥ ስለሚሠራ ስልካችን ላይ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም። ኔትወርክ ሲጠፋ የጻፍነውን ስልኩ ላይ አቆይቶ፣ ሲመለስ መላክም በእሱ ይቻላል። መብራትና ኔትወርክ ተያይዘው ለሚጠፉበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መረጃው ለሚቀመጥበት ለሰርቨሩ ፒኤችፒንና ማይኤስኪውኤልን መረጥን። ፓይተን ለጀማሪ ይቀላል፤ ጃንጎ የሚባለው ፍሬምወርኩም ጠንካራ ነው። ነገር ግን ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ አብዛኛውን ጊዜ ፒኤችፒን ይዞ ነው የሚመጣው። ዎርድፕረስም በፒኤችፒ የተጻፈ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የነካካ ሰው ማግኘት አይከብድም።

ሪአክት የተሠራው በጃቫስክሪፕት ላይ ነው፤ ላራቬል በፒኤችፒ ላይ። መሠረቱን ሳይዙ በእነሱ መጀመር ዴቢትና ክሬዲት ሳይለዩ ፒችትሪ እንደ መክፈት ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ አቆየናቸው እንጂ አልተውናቸውም።

መሠረቱ ለምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። ጃቫስክሪፕት 0.1 እና 0.2ን ሲደምር የሚያወጣው 0.3 ሳይሆን 0.30000000000000004 ነው። ኮምፒውተር የአሥርዮሽ ቁጥርን የሚይዝበት መንገድ ያመጣው ነው፤ ሌሎቹም ቋንቋዎች ከዚህ አያመልጡም። ሂሳብ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ድምር አይቶ ዝም አይልም። ስለዚህ ገንዘቡን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር እናስገባለን፤ 125 ብር ከ50 ሳንቲም 12550 ተብሎ ይጻፋል።

ለትምህርቱ እስካሁን የከፈልነው የዳታ ብቻ ነው። የፍሪኮድካምፕ ትምህርትና የኤምዲኤን ማብራሪያ ነጻ ናቸው። ቪዲዮ ጥቅሉን ቶሎ ይጨርሳል፤ ጽሑፍ ግን በትንሽ ዳታ ይነበባል። ማታ ሱቅ ከዘጋን በኋላ አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ ትጽፋለች፣ ሦስተኛዋ ስህተቱን ትፈልጋለች። አሁን የዱቤ ቅጹ ስማችሁን፣ መጠኑንና የዕለቱን ምንዛሪ ይቀበላል። የሚቀረን ሰርቨሩ ላይ ማስቀመጡ ነው።

እናንተም ለኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት ደብተራችሁን ግለጡና ዘወትር የሚያጣላችሁን አንድ ሂሳብ ፈልጉ። ያንን የሚፈታላችሁን ቋንቋ አስቀድሙ፤ ሌላው ይደርሳል።