ቪትዝ 1፣ ቮልስ 10

ማሙሽ ፊደል ሳይለይ መኪና ለየ። «ሀ»ን ከ«ሐ» ለይ ሲባል ግራ የሚጋባው ልጅ፣ አራተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ቆሞ የቪትዝን የኋላ መብራት አይቶ «ይቺ አሮጌዋ ናት፣ ያቺ ደግሞ ከሷ ቀጥሎ የወጣችው» ይላል። ሰባት ዓመቱ ነው። እናትና አባቱ ከሥራ እስኪመለሱ እኔ ዘንድ ይቆያል። ሰፈራችን አያት ነው፤ አያት ሆኖ አያት መኖር ለጎረቤቶቼ የማያልቅ ቀልድ ሆኖላቸዋል።

10 ሰዓት ገደማ መክሰሱን በልቶ ወንበር እናወጣለን። የጨዋታውን ሕግ ያወጣው እሱ ነው። የሚቆጠረው ትንሽ መኪና ብቻ ነው። ቪትዝ 1 ነጥብ፣ ሞልታለቻ! ቴሪዮስና ሱዙኪ ቪታራ 3፣ ጂምኒ 5፣ ቮልስ 10። ላንድክሩዘር ዜሮ። «እሱንማ ማንም ያየዋል» ይላል።

ቪትዝ ለምን እንዲህ በዛች ብሎ ሲጠይቀኝ ስለ ግብር ነገርኩት። ለሰባት ዓመት ልጅ ግብር ምኑ ነው ትሉ ይሆናል፤ ገብቶታል። በ1995 የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ መኪናን በሞተሩ ነበር የሚመዝነው። እስከ 1300 ሲሲ ድረስ 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1800 ድረስ 60፣ ከ1800 በላይ 100 በመቶ። ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ስትወጣ አንድ ሊትር ገደማ ሞተር ነበራት፤ በዝቅተኛው መስመር ሰተት ብላ ገባች። የመጀመሪያዋ ቴሪዮስም ጉብ ብላ ቆማ፣ አራቱም ጎማዋ እየጎተተ፣ ሞተሯ ከ1300 አይበልጥም። ጭቃ ያለበት ሰፈር ቤት የሠራ ሰው ምን ቢመርጥ ይፈረድበታል? በ2012 የወጣው አዋጅ ደግሞ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ሲጭን፣ ቀድመው የገቡት እያረጁ ዋጋቸው እየጨመረ ሄደ። ማሙሽ «ታዲያ አንቺም እያረጀሽ ትወደጃለሽ?» ብሎኛል። እንግዲህ እንጃ።

በመኪናው ባለቤቱን ማወቅ ለምደናል። ምድር ቤት ያሉት መምህር ቀን ያስተምራሉ፣ ማታ በቪትዛቸው ታክሲ ይሠራሉ። ግራጫዋ ቪትዝ ቅዳሜ ጠዋት ከቆመች ሰውዬው ተኝተዋልና ኮሪደር ላይ አይሮጥም። ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን ሌሊት ምጥ ሲይዛት ያደረሰቻት ያቺው ግራጫ ናት። ለቅሶ ሲሆን ደግሞ አምስት ሴት ከነነጠላችን እንታጨቅባታለን።

ቮልስ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። እሷ ስታልፍ ማሙሽ ይጮኻል፣ እኔ ደግሞ ወሬ ይመጣልኛል። በልጅነቴ አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ ሴይቸንቶዎች ታክሲ ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው፤ ሮልስሮይስ የነበራቸው ንጉሥ! ማሙሽ ይህን ሲሰማ ያሳሰበው ሌላ ነገር ነበር። «ፊት ነው ወይስ ኋላ የተቀመጡት?» ኋላ ነው አልኩት። «ሞተሩም ኋላ ነው፣ ይጮኽባቸዋል» አለ። እውነቱን ነው፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በነፋስ ስለሆነ ድምፁ ከሩቅ ይለያል።

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ዓይን ተጨፍኖ በጆሮ ሆነ። በዚህ አልችለውም። ማርሚታዋ የተቀደደውን ቪታራ፣ ቀበቶዋ የሚያፏጨውን ቪትዝ፣ አንድ በአንድ ይጠራል። አጥር ሳትደርስ «ጋሼ መጡ» ይለኛል።

ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏልና ወደ ግቢያችን የሚመጡት አዳዲሶቹ ትንንሾች ኤሌክትሪክ ናቸው። አልጠላኋቸውም። ጭስ የላቸውም፤ ያሰጣሁት ልብስ ሲደርቅ የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነው። ነገር ግን ቀስ ብለው ሲሄዱ የሞተር ድምፅ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚሰማው ጎማው ነው። ውጭ ኮብልስቶኑ ላይ ይንኳኳል። የግቢያችን ማቆሚያ ግን ልስልስ ሲሚንቶ ነው፣ ልጆቹም ኳስ የሚጫወቱት እዚያው ነው።

ባለፈው ወር አመሻሽ ላይ ማሙሽ ኳስ ሊያነሳ አጎንብሶ ሳለ አንዲት ነጭ መኪና ከኋላው በኋላ ማርሽ ተንቀሳቀሰች። ልጁ ጀርባውን እንደሰጠ ነው። ከሰገነቱ ጮኽኩ፤ ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም። ጥበቃው ሮጦ የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፉ ሲደበድብ ቆመች። በመካከላቸው አንድ ክንድ ቢቀር ነው። ሾፌሯ፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ወርዳ እየተንቀጠቀጠች አቀፈችው። አጎንብሶ ስለነበር በመስኮቱ አልታያትም። ፎቁን በምን ጉልበት እንደወረድኩ እንጃ፣ ስደርስ እሱ «እማማ፣ ምንም አልሰማሁም እኮ!» ይላል። ያ በጆሮው የሚመካው ልጅ።

በአውሮፓ ከ2019 እንደ እነሱ አቆጣጠር ጀምሮ አዲስ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ሞዴል በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድና ወደ ኋላ ሲመለስ ድምፅ እንዲያሰማ በሕግ ይገደዳል። እነሱም ችግሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው። እኛ ግቢ ያሉት አንዳንዶቹ እንደ ንብ እምም ይላሉ፣ ያቺ ነጯ ግን ያን ዕለት ትንፍሽ አላለችም።

አሁን የጆሮው ጨዋታ ቀርቷል። ማሙሽ ከቆመ መኪና ኋላ ከማለፉ በፊት ሦስት ነገር ያያል፦ መሪው ጋ ሰው አለ? ነጩ የኋላ መብራት በርቷል? ጎማው ተንቀሳቅሷል? ሦስቱን በትክክል ለመለሰ 20 ነጥብ፣ ከቮልስ እጥፍ። ግን ጥንቃቄውን ሁሉ በሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ መጫን ለእኔ አይዋጥልኝም። ልጅ ኳስ ሲያይ ሌላ ነገር አያይም።

እሁድ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ስብሰባ አለ። የኳስ መጫወቻው ከመኪና ማቆሚያው ይለይ፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ይጠረግላቸው የሚል ሐሳብ ይዤ እሄዳለሁ። ነጯን መኪና የምትነዳው ልጅ ደግፋኛለች፣ መምህሩም እንዲሁ። ማሙሽ ደግሞ ከእኔ ወረቀት ግርጌ የራሱን አስጽፎኛል፦ ኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሁሉ ከማቆሚያው ሲወጣ አንዴ ክላክስ ያድርግ፤ ጋሼ ተኝተው ከሆነ ግን በመስኮት ይጥራ።