በንጎንግ ኮረብቶች ሥር፦ የግራኟ የመጀመሪያ የጎልፍ ዱላዎች

ከናይሮቢ መኻል ከተማ ተነሥቶ የንጎንግን ጎዳና ይዞ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ከመኪናው ጩኸትና ከጢሱ ገና ሳይላቀቅ ከመንገዱ ብዙም ያልራቀ በዛፍ የተከበበ ሰፊ አረንጓዴ መስክ ያገኛል። ይህ መስክ እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተው የሮያል ናይሮቢ የጎልፍ ክበብ ነው። «ሮያል» የሚለውን ቅጽል የሰጡት የእንግሊዙ ንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛ ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1935 ነበር። ከመስኩ ወዲያ የኪቤራ የቆርቆሮ ጣራዎች እርስ በርስ ተያይዘው ይታያሉ። ጥቂት ሰዎች አንዲት ነጭ ኳስ እየተከተሉ የሚንሸራሸሩበት ስፍራና እጅግ ብዙ ቤተሰብ ተጨናንቆ የሚኖርበት ሰፈር እንዲህ ጎን ለጎን መዋላቸው የጎብኚን ልብ ሳይነካ አያልፍም።

መንገዱን ገፍተን ስንሄድ ከተማው እየሳሳ፣ ዛፉ እየበዛ ሄደና ካሬን ከሚባለው ሰፈር ደረስን። የዴንማርኳ ደራሲ ካሬን ብሊክሰን እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1931 ቡና ያስተክሉበት የነበረው እርሻ ይህ ነው። ቦታው ለቡና ከፍታው ስለበዛበት እርሻው ከሰረ፤ ባለቤቲቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከመሬቱ በከፊሉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1937 የካሬን ክበብ የጎልፍ ሜዳ ተከፈተ። ከሜዳው ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው የንጎንግ ኮረብቶች እንደ ተጨበጠ የእጅ ጣት አንጓ ተሰድረው ይታዩታል። የሜዳው ሣር በአገራችን ደጋም የምናውቀው ዓይነት ወፍራምና ተንሰራፊ ነው፤ የዓለም የጎልፍ ሰዎች «የኪኩዩ ሣር» ይሉታል። ዱላው ወርዶ ሲያገኘው ጠልፎ ይይዛልና ጀማሪን አይምርም።

ወደዚህ ስፍራ የመጣነው ሁለት የወታደር ሚስቶች ነን። ባሎቻችን ለሥራ ከተማው ውስጥ ሲውሉ እኛ ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ ልናይ፣ ከተቻለም ልንጀምር ተነሣን። አንዳችን ዱላ ለመግዛት የእቁብ ዕጣዋን ይዛ ነበር። ይህችው እኅታችን ግራኝ ናት። የጽሑፋችንም ጉዳይ ይኸው ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁት አንባቢያን፣ ጎልፍ ከገና ጨዋታችን የሚቀራረብ ነገር አለው፤ በቆልማማ ዱላ ኳስ ይመታል። ልዩነቱ ተቃዋሚ የሌለበት መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ ስፋቱ 108 ሚሊሜትር ወደ ሆነ ቀዳዳ በጥቂት ምት ለማስገባት ይጥራል። ኳሷ ከ45.93 ግራም አትበልጥም፤ የጎኗ ስፋትም ከ42.67 ሚሊሜትር አያንስም። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷም ባሕር ዳርቻ ካለ ሜዳ ይልቅ እዚህ ርቃ ትበራለች። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ትብሳለች።

የገና ዱላ ከዱር ተቆርጦ ሲጠረብ ቀኝና ግራ የለውም። ልጅ በፈለገው ጎን ቆሞ ሩሯን ይለጋታል። የጎልፍ ዱላ ግን እንዲህ አይደለም። የብረቱ ራስ አንድ ፊት ብቻ ነው ያለው፤ ፊቱም ወደ አንድ ወገን ብቻ ጋደል ብሎ ተሠርቷል። ለቀኝ የተሠራውን ዱላ ግራኝ ብትይዘው ኳሷን የምታገኛት በጀርባው ነው። ስለዚህ ለግራኝ ሰው ዱላው ከፋብሪካው ጀምሮ ተገልብጦ መሠራት አለበት። ከመቶ ሰው አሥር ያህሉ ግራኝ ነው ቢባልም፣ በሱቁ መደርደሪያ ላይ የግራኝ ዱላ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የግራኝ ሴት ዱላ ሲሆንማ ከናካቴው ላይኖር ይችላል።

ይህን ነገር ወታደር አንባቢዎቻችን ሳይነገራቸው ያውቁታል። ብዙው ጠመንጃ ማቀባበያው በቀኝ ነው፤ ቀለሁንም የሚተፋው ወደ ቀኝ ነው። በግራ ትከሻው የሚተኩስ ወታደር ትኩሱ ቀለህ በፊቱ ሲያልፍ ዓይኑን ላለመጨፈን ሌላው የማያውቀውን ልምምድ ይለማመዳል። የቤት እመቤቶችም ቢሆኑ መቀሱንና የመርፌ ሥራውን ያስታውሱ። ግራኝ ልጅ በልጅነቱ «በቀኝህ ብላ!» እየተባለ እጁን ሲመታ ማን አላየም? ታሪካችን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1543 በጦር ሜዳ የወደቀውን ኢማም አሕመድን የሚያስታውሰው በግራ እጁ ነው። እዚህ ኬንያም ቋንቋው ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። በስዋሂሊ ቀኝ እጅ «ምኮኖ ዋ ኩሊያ»፣ ማለትም የሚበላበት እጅ ይባላል፤ ግራው ደግሞ «ምኮኖ ዋ ኪኬ»፣ የሴት እጅ ይባላል። ይህን የነገረን ዱላ ተሸካሚው ካዲ ነበር። ግራኟ ጓደኛችን ሰምታ ከልቧ ሳቀች፤ «እንግዲያውስ ሁለት ጊዜ ሴት ነኝ» አለች።

በገባንበት ሱቅ ሦስት ነገር ቀረበልን። የመጀመሪያው በሌላ ሰው የተሠራበት፣ ሙሉ የሴት ዱላ ነበር፤ ዋጋው ዝቅተኛ፣ መልኩ ያማረ፣ ነገር ግን የቀኝ። ሁለተኛው የግራኝ የወንድ ዱላ ሲሆን እርሱም ያገለገለ ነው። ሦስተኛው ጥቂት አዲስ የግራኝ የሴት ዱላዎች ሲሆኑ፣ ሙሉው ቢገዛ የእቁቡ ገንዘብ አይበቃም ነበር። ሻጩ የመጀመሪያውን አብዝቶ አመሰገነ። «ማማ፣ ጀማሪ ነሽ፤ እጅሽ ገና ምንም አልለመደም፤ በቀኝ ብትጀምሪ ምን ይጎድልብሻል?» አላት። ጓደኛችን ዝም አለች። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ከእናቷ፣ ከመምህሯም ሰምታዋለች።

ሰውየው ግን ፈጽሞ ከእውነት አልራቀም። በጎልፍ ሁለቱም እጅ ዱላውን ይይዛል፤ ስለሆነም የሚጽፍ እጅና የሚመታ ወገን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የኒውዚላንዱ ቦብ ቻርልስ በሌላው ነገር ሁሉ ቀኝ ሆነው ሳለ በግራ እየመቱ እ.ኤ.አ. በ1963 የብሪታንያን ኦፕን አሸነፉ፤ ከታላላቆቹ ውድድሮች አንዱን በማሸነፍ ከግራ መቺዎች የመጀመሪያው ናቸው። አሜሪካዊው ፊል ሚክልሰንም ቀኝ ነው፤ በልጅነቱ ከአባቱ ፊት ለፊት ቆሞ እንደ መስታወት ሲቀዳ በግራ መምታት ለመደ። ከሴቶች ደግሞ ቦኒ ብራያንት እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የሴት ባለሙያዎች ውድድር በግራ እየመታች አሸንፋለች፤ በዚህ ረገድ ተከታይ በቀላሉ አልተገኘላትም። እንግዲህ ነገሩ በክርክር ሳይሆን በሙከራ መለየት ነበረበት።

ወደ መለማመጃው ወጣን። አንዲት አሠልጣኝ ለጓደኛችን ኳስ አልሰጧትም፤ መጥረጊያ ሰጧትና «ሣሩን ጥረጊ» አሏት። ከዚያም ድንጋይ አቀብለው በጎን አስወረወሯት። በመጨረሻም ዓይኗን ጨፍና ዱላውን በሁለቱም ወገን አሥር አሥር ጊዜ እንድትወዘውዝ አደረጉ። በቀኝ ስትወዘውዝ ትከሻዋ ቀድሞ ይዞርና እጇ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በግራ ሲሆን ግን ወገቧ፣ ትከሻዋና እጇ ተከታትለው ይመጣሉ። የልጅነት ነገርም ትዝ አላት፦ ከወንድሞቿ ጋር ገና ስትጫወት ሁልጊዜ ከሌሎቹ በተቃራኒ ጎን ትቆም ነበር። ከዚህ በኋላ የቀኙ ዱላ ጉዳይ አበቃ። በእኛም አስተያየት ሙከራው ግራ ብሎ ከተናገረ ርካሽ ዋጋ አእምሮን ሊለውጥ አይገባም፤ የተሳሳተ ወገን የለመደ አካል በኋላ ይመለስ ቢባል ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳልና።

የወንዱ የግራኝ ዱላስ? ይህም አጓጊ ነበር። የሴት ዱላ በአብዛኛው ከወንዱ በሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ያጥራል፤ ዘንጉ ቀላልና ተለማጭ ነው፤ መያዣውም ቀጭን ነው። የወንዱ የብረት ዘንግ 120 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ለሴት የሚሠራው የግራፋይት ዘንግ ከ50 እስከ 60 ግራም ይሆናል። «ይቆረጥ» የሚል አይጠፋም። ሆኖም ዘንግ ሲቆረጥ ይበልጥ ይደድራል እንጂ አይለመጥም፤ የራሱም ክብደት ለእጅ እንደ ቀድሞው አይሰማም። ዱላው አጠረ እንጂ የሴት ዱላ አልሆነም። ቁመቷ ዘለግ ያለና ክንዷ የጠና ሴት ግን የወንዱን ዱላ እንዳለ ልትይዘው ትችላለች፤ ፋብሪካው «ሴት» ብሎ የሚጠራት አንዲት አማካይ ሴት ብቻ ናት። መለኪያው ቀላል ነው፦ ተጫዋቿ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ክንዷን አንጠልጥላ፣ ከእጅ አንጓዋ እስከ ወለሉ ያለው ርቀት ይለካል። የመያዣውን ውፍረት ለማወቅ ደግሞ ከላይ የሚይዘው እጅ ሲጨብጥ የጣቶቹ ጫፍ መዳፉን ለመንካት ያህል ብቻ መድረስ አለበት። ለግራኝ ከላይ የሚይዘው ቀኝ እጅ ነው። ጓንቲም የሚገባው በዚያው በቀኝ እጅ ላይ ነው።

ሕጉ በአንድ ጨዋታ እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቅዳል። ብዙ ጀማሪ ይህን ሰምቶ 14 መግዛት ግዴታ ይመስለዋል። እኛ ግን ገንዘቡን አስቀምጠን፣ ከአሠልጣኟም ጋር ተማክረን አምስት ብቻ መረጥን፤ አምስቱም የግራኝ የሴት ዱላዎች ናቸው። 7 ቁጥር ብረት የመማሪያ ዱላ በመሆኑ ቀዳሚውን ስፍራ ያዘ። 9 ቁጥሩ ለአጭር ርቀት፣ ሳንድ ዌጅ የሚባለው ከአሸዋ ለማውጣት፣ ሃይብሪድ የሚሉት ደንደን ያለ ራስ ያለው ዱላ ደግሞ ለሩቅ ምት ተገዙ። አምስተኛው በቀዳዳው አጠገብ ኳስ የሚገፋበት ፓተር ነው። ፓተር በሁለቱም ጎኑ ፊት ያለው ሆኖ የሚሠራበት ጊዜ ስላለ፣ ከግራኝ ዱላ ሁሉ በቀላሉ የሚገኘው እርሱ ነው። ትልቁን ድራይቨር ተውነው። ዘንጉ ከሁሉም የረዘመ በመሆኑ ለጀማሪ ከሁሉም ያስቸግራል፤ ከዋጋውም አንጻር ሊቆይ የሚገባው እርሱ ነበር።

ሻጩ ሒሳቡን ሲጽፍ ጓደኛችን 7 ቁጥሩን ከእጇ አላወረደችም። ብዕሩን አቀብሏት ደረሰኙ ላይ እንድትፈርም ሲጠይቃት በቀኝ እጇ ፈረመች፤ በትምህርት ቤት እንዲያ ነው ያስተማሯት። ዱላውን ግን በግራው ወገን ይዛ ወጣች።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል መታች። ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ኳሶች ዐሥራ ሦስቱ ሣሩን እየላሱ ሄዱ፤ አንዷ ግን ከፍ ብላ ወደ ንጎንግ አቅጣጫ በረረች። ካዲው «ንዙሪ ሳና!» ብሎ አጨበጨበ። የቀኝ እጅ ጓንቲ ግን በሱቁ አልተገኘም፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላ በከተማው ሦስተኛ ሱቅ አገኘነው። አሁን ዱላዎቹ በጦር ሰፈራችን የዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። የአገራችን የጎልፍ ስፍራ በጣት የሚቆጠር በመሆኑ፣ ጓደኛችን ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ካስገባች በኋላ በቤቷ ጓሮ በተዘረጋ ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ኳስ ትመታለች። ድራይቨሩ ለሚቀጥለው የእቁብ ዕጣ ተይዞለታል።