ከቅባታማና ከደረቅ በፊት

አዲስ አበባ የምትኖር አንዲት የኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ብጉር በጉንጮቿ ላይ ትቶት የሄደውን ጥቋቁር ምልክት ለማጥፋት 10 በመቶ ግላይኮሊክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ገዛች። ምርጫዋ ያለ ምክንያት አልነበረም። ግላይኮሊክ ከአልፋ ሃይድሮክሲ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ነው፤ የሞለኪውል ክብደቱ 76 ብቻ ስለሆነ ወደ ቆዳ ፈጥኖ ይዘልቃል። በየምሽቱ ቀባችው። ፊቷ መለብለብ ሲጀምር አሲዱ እየሠራ ነው ብላ ታገሠች። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ጎልቶ ስለማይታይ መስተዋቱም አላስጠነቀቃትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቀድሞዎቹ ምልክቶች ይበልጥ ጠቁረው፣ አዳዲሶችም ተጨምረው ተገኙ።

ስለ ቆዳ አያያዝ የሚጻፉ ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ቆዳው ቅባታማ ነው ወይስ ደረቅ የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ በተደፈኑ የቆዳ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይሠራል፤ ብጉር ለሚበዛበት ቅባታማ ቆዳ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። ላክቲክ አሲድ እርጥበት ስለሚይዝ ለደረቅ ቆዳ ይስማማል። (እርጎ ውስጥ መገኘቱ ግን እርጎን ፊት ላይ መቀባትን አያጸድቅም፤ የአሲዱ መጠን ከእርጎ እርጎ ይለያያልና።) ሆኖም ሜላኒን በበዛበት ቆዳ ላይ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ቆዳው ሲቆጣ ምን ያደርጋል? ጠይም ቆዳ ለቁጣ የሚሰጠው መልስ ሜላኒን ማብዛት ነው፤ ጥቁረቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ቆዳ የአሲዱ ፍጥነት ጥቅም ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። የማንደሊክ አሲድ የሞለኪውል ክብደት 152፣ ማለትም የግላይኮሊክ እጥፍ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚገባ የሚያስከትለው ቁጣ ያነሰ ነው።

በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መቶኛም ብቻውን ብዙ አይናገርም። የፈሳሹ ፒኤች 3.8 አካባቢ ሲሆን ከግላይኮሊኩ በነጻ አሲድነት የሚገኘው ግማሹ ያህል ነው፤ ፒኤቹ ዝቅ ባለ መጠን ያው 10 በመቶ ይበልጥ ይበረታል። ተማሪዋ ይህን ስሌት ለሌሎች ታስተምር ነበር፤ የገዛችው ጠርሙስ ግን ፒኤቹን አይገልጽም።

ፀሐይም አለች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ አልፋ ሃይድሮክሲ አሲድ ያለባቸው መዋቢያዎች ቆዳን ለፀሐይ ቃጠሎ እንደሚያጋልጡ፣ ጥንቃቄውም መቀባቱ ካቆመ በኋላ ለአንድ ሳምንት መቀጠል እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲኖራቸው መክሯል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ፣ ያለ ፀሐይ መከላከያ በእግር ወደ ቤተ ሙከራ ለሚመላለስ ሰው ምክሩ ተራ ማሳሰቢያ አይደለም።

የቆዳ ሐኪሟ መጀመሪያ ሁሉንም አስተዋት፤ ለሳምንታት ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ ብቻ። ከዚያ በኋላ ማንደሊክ በሳምንት ሁለት ምሽት። ምልክቶቹ ቢደበዝዙም ገና አልጠፉም። ከግላይኮሊኩ የተረፈውን ግማሽ ጠርሙስ ለተረከዟ ትቀባዋለች።