ሠላሳ ሦስት አክሲዮን

በመተከል ዞን፣ በቡለን የአክሲዮን ጨዋታ የሚደራው ሰሊጥ ከተሸጠ በኋላ ነው። ከቆላው ቀበሌ የመጣው ሰሊጥ ተመዝኖ፣ ዕዳ ተከፍሎ፣ ለልጆች ጫማና ደብተር ተገዝቶ፣ የተረፈችው ብር ምን ትሁን የሚባልበት ሰሞን አለ። ቀድሞ መልሱ ቅርብ ነበር፤ ጊደር ይገዛል፣ የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ይለወጣል፣ አለዚያም እቁብ ይገባበታል። አሁን ግን ቡና በሚፈላበት በረንዳ ላይ ሦስት አራት ሰው ተቀምጦ «አክሲዮን ብንገዛበትስ?» ሲባባል መስማት ብርቅ አይደለም። እኔ ይህን ጨዋታ አጥብቄ እወደዋለሁ። አዲስ አበባ ስሄድ ከምሰማው ይልቅ እዚህ የሚነሳው ጥያቄ ወደ ነገሩ ሥር ይጠጋል።

ጨዋታውን ያጋጋለው የ2017 ዓ.ም የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ነው። ጥቅምት 6 ቀን ሲጀመር ከድርጅቱ አሥር በመቶው፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ለኢትዮጵያውያን በቴሌብር ቀረበ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር ሲሆን ከ33 አክሲዮን በታች መግዛት አይቻልም ነበር፤ ይህም 9,900 ብር ነው። የካቲት 7 ቀን ሲዘጋ 47,377 ሰው 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝቶ 3.2 ቢሊዮን ብር ገብቷል። ከቀረበው አንድ አሥረኛው ብቻ መሸጡን ያዩ ሰዎች «ሕዝቡ አክሲዮን ገና አልገባውም» ሲሉ ሰማሁ። በዚህ አልስማማም። ሳይገዛ የቀረው ብዙ ሰው ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ጥያቄ ነው።

አንድ ልብስ ሰፊ የገዛበትን መልእክት ከስልኩ አውጥቶ አሳየን። የስልኩ መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ 33 በሚለው ቁጥር ላይ ያልፋል። ጣቱን በምራቁ አርሶ መስታወቱን ጠረገና «ይቺ ናት» አለ። ቡና የሚያፈሉት እናት ጀበናውን ረከቦቱ ላይ አስቀምጠው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይህ ስልክ ቢጠፋብህስ፣ ልጄ?»

«ስሜ እዚያ ተመዝግቧል፣ እማማ። ስልኩ ቢጠፋ ድርሻው አይጠፋም።»

«እዚያ ማለት የት?»

ልጁ ዝም አለ። አጠገቡ የተቀመጠው መምህር ስለ አክሲዮን መዝገብ ሊያስረዳ ሞከረ፤ የያንዳንዱ ባለድርሻ ስም፣ ቁጥርና የከፈለው ገንዘብ የሚሰፍርበት መዝገብ እንዳለ፣ ሕጉም ባለቤት ብሎ የሚያውቀው በዚያ የተጻፈውን እንደሆነ ነገራቸው። እማማ ግን አንድ እርምጃ ቀድመው ሄዱ። «እሱ ቢሞትስ? ሚስቱ ይህን የት ሄዳ ትጠይቃለች?» አሉ። በረንዳው ላይ ከነበርነው ገሚሳችን ያለንን ድርሻ ለትዳር አጋራችን ነግረን አናውቅም ነበር።

ይህ ጥያቄ ከሌላ ከተማ ይልቅ ቡለን ላይ ይከብዳል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም በዚሁ ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ሰዎች በተኙበት ተገድለዋል፣ ቤትና እህል ተቃጥሏል፤ በዚያን ጊዜ ከመተከል የሸሸው ብዙ ሕዝብ ቻግኒ ራንች በሚባለው መጠለያ ከርሟል። ያንን ያየ ሰው ሀብቱን ከብትና ጎተራ ላይ ብቻ ማዋል ያስፈራዋል። ሌላ ቦታ በስሙ ተጽፎ የሚቀመጥ፣ እሳት የማይደርስበት ነገር ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሰው ትርፍ አሳዳጅ የሚለው ሁሉ ያሳዝነኛል። የሚፈልገው ማረፊያ ነው፤ ማረፊያውንም ለልጆቹ ማውረስ ይፈልጋል።

ጨዋታው ከቴሌ ወደ ዕቃ ሲዞር ደግሞ ይሞቃል። የስልክ ሞገድ በእጅ አይዳሰስም፤ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ፣ እንጨት ግን ይዳሰሳል፤ እዚህ አገር ስለነዚህ ሁሉም ሰው የሚለው አለው። ለምሳሌ ሲሚንቶ። ሐበሻ ሲሚንቶ ሆለታ አካባቢ ፋብሪካውን ያቆመው ከብዙ ሺህ ትንንሽ ባለድርሻዎች በተሰበሰበ ገንዘብ ጭምር ነው። በፈረንጆቹ 2012 የደቡብ አፍሪካው ፒፒሲ ድርሻ ገዝቶ ገባበት፤ ማምረት የጀመረው ግን 2017 ላይ ነው። አክሲዮን ገዝቶ የመጀመሪያው ከረጢት ሲወጣ እስኪያይ ዓመታት የጠበቀ ሰው አለ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት የብሩ አቅም ሲወርድ፣ የጡብና የብረት ዋጋ ሲወጣ፣ የእሱ ገንዘብ ገና ያላለቀ ግድግዳ ላይ ነበረች። አዲስ ፋብሪካ ላይ አክሲዮን ሲገዛ ዋናው ጥያቄ ትርፉ ስንት ነው የሚለው አይመስለኝም። ማሽኑ ወደብ ደርሷል ወይ፣ ኤሌክትሪኩ ተስቧል ወይ የሚለው ይቀድማል።

ቦንድና አክሲዮን የሚምታታባቸውም አሉ፤ ምክንያቱም እዚህ ዞን ውስጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ በእጁ የያዘው የገንዘብ ወረቀት የሕዳሴው ግድብ ቦንድ ነው። ግድቡ ያለበት ጉባ ከቡለን ጋር አንድ ዞን ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም መሠረቱ ሲጣል ከደመወዙ በየወሩ ያስቆረጠ መምህርና የጤና ባለሙያ ዛሬም የቦንዱን ወረቀት ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ቦንድ ብድር ነው፤ ገንዘቡ ከነወለዱ ይመለሳል እንጂ ግድቡ ቢያተርፍ ባያተርፍ ለባለቦንዱ ለውጥ የለውም። አክሲዮን የገዛ ግን በትርፉም በኪሳራውም ውስጥ ነው፤ ድምፅም አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የዶላር ዋጋ ሲተኮስ፣ ቁጥሩ የማይለወጥ ወረቀት የያዘ ሰው ልዩነቱን በራሱ ኪስ ተማረው።

ስለ ግድቡ ስናወራ ልብ የማልለው የነበረ አንድ ነገር መምህሩ አነሳ። ግድቡን የገነባው ቤት የምንሠራበት ዓይነት ኮንክሪት አይደለም። ውኃው አንሶ፣ በገልባጭ መኪና እየተነጠፈ፣ በከባድ ሮለር ንብርብር በንብርብር የሚጠቀጠቅ ነው። ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ እንዲህ ተነጥፏል፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። አዲስ ቁስ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ከላቦራቶሪ የሚወጣ ብልጭልጭ ነገር አይደለም ማለቱ ነበር፤ አሮጌው ሲሚንቶና ጠጠር መጠኑና አሠራሩ ሲለወጥም አዲስ ቁስ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ቀርከሃ የተነሳው።

የቤንሻንጉል ጉሙዝ ቆላ ቀርከሃ፣ ሽመል የምንለው፣ የደጋው ቀርከሃ ወንድም ቢሆንም ግንዱ በአብዛኛው ውስጡ ድፍን ነው። ቻይናና ሌሎችም አገሮች ቀርከሃን ይሰነጥቃሉ፣ ነቀዝ የሚወደውን ስኳሩን በፈላ ውኃ ያወጣሉ፣ ያደርቃሉ፣ በማጣበቂያና በሙቀት ጨምቀው ለወለልና ለምሰሶ የሚሆን ጣውላ ያወጣሉ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ የቀርከሃ ደኖች ባለቤት ናት፤ የቆላው ቀርከሃ ብዙው ክፍል ያለው ደግሞ እዚህ፣ ከአሶሳ እስከ መተከል ባለው አገር ነው። «እንዲህ ያለ ፋብሪካ አክሲዮን ቢሸጥ እገዛለሁ» አለ ልብስ ሰፊው ፊቱ በርቶ። ያን ጊዜ እስካሁን ያልተናገሩ አንድ የሺናሻ ሽማግሌ «አብቦ ሲሞትስ?» ብለው ጠየቁ።

ዝም አልን። ቆላ ቀርከሃ በየዓመቱ የሚያብብ ተክል አይደለም። ብዙ ዘመን ሳያብብ ይኖራል፤ ዘመኑ ሲደርስ ጫካው ሙሉ በአንድነት ያብብና ዘሩን አፍስሶ ይሞታል። ይህ በክልላችን በቅርብ አሥርት ዓመታት ውስጥ የታየ ነገር ነው። ከዘሩ አዲስ ቀርከሃ ቢበቅልም ለጣውላ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። ጥሬ ዕቃው ሁሉ በአንድ ወቅት ለሚሞትበት ፋብሪካ ዕቅድ ያወጣ ሰው ይህን ካልጻፈ ትልቁን አደጋ ሳይጽፍ ቀረ ማለት ነው። ሽማግሌው የትኛው ቆላ መቼ እንዳበበ፣ የትኛው ገና ወጣት እንደሆነ በቦታ በቦታው ይናገራሉ። አዲስ አበባ ላይ በሆቴል አዳራሽ ስለ ቀርከሃ አክሲዮን ቢወራ ይህን የሚጠይቅ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።

እምነበረድም እንዲሁ ነው። የዳለቲና የማንኩሽ እምነበረድ በአገሩ የታወቀ ነው፤ ቡለንም በጂኦሎጂ ጥናቶች ላይ በእምነበረዱ ስሙ ይነሳል። ድንጋዩን የሚያውቅ ሰው በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ ጥርት ብሎ ካስተጋባ ጤነኛ ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ ካወጣ ውስጡ ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ የበዛበት ቦታ የሚሸጥ ትልቅ ጥርብ አይወጣውም፤ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ደግሞ አንድ ሜትር ኩብ እምነበረድ 2.7 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህን ጭኖ ከቡለን ቻግኒ ማድረስ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ማስገባት ምን እንደሚፈጅ ከሾፌሮቻችን በላይ የሚያውቅ የለም። የድንጋይ ኩባንያ ትርፉ መንገዱ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

እዚሁ ክልል ውስጥ፣ በአሶሳ በኩል፣ የኩርሙክ የወርቅ ማዕድን አለ። በፈረንጆቹ 2023 ፕሮጀክቱን ይዞ የነበረው አላይድ ጎልድ ቶሮንቶ የአክሲዮን ገበያ ላይ ስሙን አስመዘገበ። የካናዳ ጡረተኛ ቤቱ ተቀምጦ ስለ ኩርሙክ አለት ሪፖርት እያነበበ አክሲዮን ሲገዛና ሲሸጥ ሳስብ ቅር የሚለኝ ሰውየው መግዛቱ አይደለም። እንዲያውም ሪፖርቱ እንዲደርሰው የሚያስገድድ ሕግ ያለው መሆኑ ያስቀናኛል። ከጉድጓዱ የወጣው ናሙና በቶን ስንት ግራም ወርቅ እንደያዘ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ፣ ሥራው ስንት ወር እንደዘገየ ተጽፎ ይደርሰዋል።

ለእኛም ይህ ጅምሩ አለ። በንጉሡ ዘመን በብሔራዊ ባንክ በኩል አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት አሠራር ነበረ፤ 1967 ዓ.ም ላይ ባንኮችና ፋብሪካዎች ሲወረሱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አክሲዮን የያዘ ሰው መሸጥ ሲፈልግ ገዢ በሰው በሰው ማፈላለግ ነበረበት። ልጅ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ ጊደር በቅዳሜ ገበያ ይሸጣል፤ አክሲዮን ግን የት ይወሰዳል? ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ሲጀምር፣ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ሆኖ ሲመዘገብ፣ በእኔ ዓይን ትልቁ ነገር ይህ የመውጫ በር መከፈቱ ነው። በ2013 ዓ.ም በወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ መሠረትም ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ ደንበኛ ሳቢ መግለጫ አዘጋጅቶ ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማቅረብ አለበት። መግለጫው ውስጥ አደጋዎቹ መጻፍ አለባቸው። የቀርከሃው አበባ ቦታው እዚያ ነው።

የቀረው የጉባኤው ነገር ነው። 9,900 ብር አውጥቶ፣ ለምሳሌ አሥር በመቶ ትርፍ ቢያገኝ 990 ብር ይሆናል፤ ከዚህም ላይ ግብር ይቀነሳል። የሚቀረው ብር ከቡለን አዲስ አበባ ለጠቅላላ ጉባኤ ሄዶ ለመመለስ፣ መኝታና ምግቡ ተጨምሮ፣ አይበቃም። ስለዚህ ሩቅ ያለ ትንሽ ባለድርሻ ውክልናውን ለማያውቀው ሰው ፈርሞ ይልካል፣ ወይም ጭራሽ ይተወዋል። ድምፁ አለ ተብሎ በሕግ ተጽፎ ሳለ አዳራሹ ውስጥ አይሰማም። ልብስ ሰፊው ሐሳብ አቀረበ፤ የቡለን ባለድርሻዎች ተሰብስበው ከመካከላቸው አንድ ሰው ቢወክሉና የመሳፈሪያውን ቢያዋጡለት ይሻላል አለ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር እጨምራለሁ። ከዚህ አገር ድንጋይ ወይም ቀርከሃ አንስቶ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ ቢመጣ፣ መግለጫውን አዲስ አበባ አንብቦ መሄድ አይበቃውም። ግልገል በለስ ላይ አንድ ስብሰባ ይጥራ፤ የድንጋዩን የምርመራ ውጤት በአማርኛ፣ በሺናሽኛና በጉሙዝኛ ያስረዳ፤ ሽማግሌዎቹንም ይጠይቅ። እንዲህ ያለ ኩባንያ ከመጣ የሠላሳ ሦስት አክሲዮን ዋጋ ይዤ እሰለፋለሁ፤ ከመክፈሌ በፊት ግን ቀርከሃው መጨረሻ ያበበው መቼ እንደሆነ እጠይቃለሁ።