ኅዳጉ ላይ የተጻፈው

ቅኔ አንዴ ከተዘረፈ አይደገምም። ትናንት የተባለውን ዛሬ መልሶ የሚል ባለቅኔ ቢኖር ገና ጉባኤ ቃና የሚቆጥረው ተማሪ ሳይቀር ይታዘበዋል። ስለዚህም የሊቃውንቱ ቅኔ አብዛኛው እንደ ዕጣን ጢስ ተኖ ይቀራል፤ የሚተርፈው ደቀ መዝሙር በቃሉ የያዘው ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጢሱን በወረቀት ለመያዝ ከደከሙት አንዱ ናቸው። በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው «መጽሐፈ ቅኔ» ብለው አሳተሙ። ኅሩይ የንጉሥ ሰው ነበሩ። በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት አገልግለው፣ በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው፣ በ1931 ዓ.ም. መስከረም ላይ በእንግሊዝ አገር ዐረፉ። ሆኖም ከሹመቱ በፊት የመርሐ ቤቴ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበሩ። ለንጉሡ የነበራቸውን ታማኝነት ለመምህራኑም አልነፈጉም።

ያ የመጀመሪያ ኅትመት ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። እኔ አንዱን ቅጂ ያየሁት በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ በሚኖሩ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ቤት ነው። አገሩ ቦረና ነው፤ ከዓባይ ማዶ ጎጃም፣ የእነ ዋሸራና የእነ ጎንጅ የቅኔ ቤት ይገኛል። መምህሩም በልጅነታቸው አኩፋዳቸውን አንግተው ወንዙን ተሻግረው ነበር የተማሩት። መጽሐፉን የወረሱት ከመምህራቸው ነው።

ስገልጠው ዓይኔ የሄደው ወደ ኅዳጉ ነበር። በሁለት ሰው እጅ ተጽፎበታል። አንዱ ጋ የከበደ ሰም ወርቁ ተፈትቷል፤ ሌላው ጋ «እኛ የሰማነው እንዲህ ነው» ተብሎ ሌላ ቃል ገብቷል።

«ልጄ፣ አዲስ አበባ ስንት ያወጣል?» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ለትምህርት ደሴ ገብታለች፤ የቤት ኪራይ አለባት።

«የኔታ፣ አሮጌ መጽሐፍ የሚገዙ ሰዎች አሉ። ግን ንጹሕ ቅጂ ነው የሚመርጡት። የተጻፈበት ዋጋው ይወርዳል» አልኳቸው።

ሳቁ። «እንግዲያው የከበረው የማተሚያ ቤቱ ነው፤ የረከሰው የእኔና የመምህሬ» አሉ።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የታተመው ቃል በአንድ ቅጂ ቢጠፋ በሌላው ሊገኝ ይችላል። ኅዳጉ ግን ሌላ ቅጂ የለውም። ሚኒስትሩ ከሊቃውንት የሰበሰቡትን ሁለት የገጠር መምህራን እየመዘኑ፣ እያቃኑ፣ ሲያስፈልግም እየተቃወሙ ያቆዩበት ጉባኤ ነው።

አይሽጡት አላልኳቸውም። የልጅቱ ኪራይ በእኔ የመጽሐፍ ፍቅር አይከፈልም። የለመንኳቸው ከመሸጡ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ እንዳነሣ ነው። ፈቀዱ። ግን አንድ ነገር አዘዙኝ፦ ፎቶ ባነሣሁ ቁጥር በኅዳጉ ያለውን እሳቸው ያነባሉ፤ እኔም ድምፃቸውን እቀዳለሁ። ጽሕፈቱ የመምህራቸው ሲሆን ስማቸውን ይጠራሉ፤ የራሳቸው ሲሆን ዝም ብለው ያልፋሉ። ሁለት ቀን ፈጀብን።

መጽሐፉ ነገ የማን እንደሚሆን እሳቸው ይወስናሉ። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ አሮጌ መጽሐፍ ካለ፣ ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት ዳር ዳሩን አንብብ።