በድልድዩ ማዶ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጆርጂያ ጎዳናን ይዞ የሚሄድ አበሻ ቡናም ክትፎም አያጣም። ባለፈው መስከረም እህቴን ልጠይቅ ሜሪላንድ ስሄድ ግን ልጇ መጀመሪያ የወሰደችኝ ወደ አንድ የእግረኛ ድልድይ ነው። ከሥሩ ሐዲድ አለ፤ የዋሽንግተን ሜትሮና የዕቃ ባቡር ጎን ለጎን ያልፉበታል። በአንድ ወገን ታኮማ ፓርክ፣ በሌላው ሲልቨር ስፕሪንግ። የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ካምፓስ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ተቀምጧል፤ የሚያገናኘው ድልድዩ ነው።

«እዚህ ቆሜ ድምፅ ስቀዳ ስንቴ ባቡር እንዳበላሸብኝ!» አለችኝ እየሳቀች።

ጋዜጠኝነት ነው የምትማረው፤ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እናቷ ይህን ለሰው ስትናገር አልሰማሁም። ከቅዳሴ በኋላ ስለ ልጇ ሲጠይቋት «ዩኒቨርሲቲ ናት» ብላ ታልፋለች። ነርስ ለመሆን አለመፈለጓ መጀመሪያ ላይ ከንክኗት ነበር፤ አሁን የቀረው «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚለው ስም ይመስለኛል። አልፈርድባትም። እኛ ዘንድ ኮሌጅ ሲባል ነጥብ ያልመጣለት ልጅ የሚሄድበት ይመስለናል።

ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1946 ቤተስዳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በማታ ተጀመረ፤ በ1950 ታኮማ ፓርክ ወደሚገኝ የቀድሞ ኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ግቢ ገባ። የካውንቲው ነዋሪ የሚከፍለው ከዩኒቨርሲቲ ክፍያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ተማሪው 60 ገደማ ክሬዲት ይዞ ይዛወራል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስፈልገው 120 ነው። በመጨረሻ ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ታዲያ የተወሰደው ኮርስ ሁሉ ለሙያው አይቆጠርም፤ አንዳንዱ በምርጫ ኮርስነት ብቻ ይያዛል። የአንድ ወዳጃችን ልጅ ሌላ ቦታ ሳይጠይቅ ተመዝግቦ አንድ ሴሚስተር ባክኖበታል።

ስለ ትምህርቱ ስጠይቃት የነገረችኝ ግን ስለ ክሬዲት አልነበረም። ለክፍል ሥራ አንድ የኛን ባለ ሱቅ ቃለ መጠይቅ አድርጋ ነበር። በአሜሪካ ጋዜጣ አጻጻፍ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠቀስ በቤተሰብ ስሙ ብቻ ይጠራል። እሷም እንደ ደንቡ ጻፈችና ወስዳ አሳየቻቸው። ሰውዬው አንብበው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ አባቴ የተናገረው ነው እንዴ? እሱ እኮ ካረፈ ቆየ» አሏት።

ሱቃቸው ውስጥ እንደቆመች እያንዳንዱን ስም አረመች። በማግስቱ መምህሯ ጉዳዩን ለክፍሉ እንድታስረዳ አደረጓት። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ቀን ሥራ የሚውሉ፣ ዕድሜያቸው ወደ እኔ የሚጠጋ ናቸው። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ስለሆኑ እያንዳንዱ የራሱን አገር የስም ወግ ሲያወራ ሰዓቱ አለቀ።

ቅዳሜ ልትዛወርበት ወደምትፈልገው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ ፓርክ ሄድን። በመኪና ቅርብ ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪዎቹ ናይት ሆል የተባለ ሕንፃ አላቸው። ታዋቂዋ የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ ኮኒ ቸንግ በ1969 የተመረቀችው ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዋተርጌትን ቅሌት ካጋለጡት ሁለት ጋዜጠኞች አንዱ የሆነው ካርል በርንስታይንም ሲልቨር ስፕሪንግ አድጎ እዚሁ ተምሯል፤ ሳይመረቅ ነው የወጣው። ይህችን የመጨረሻዋን ለእህቴ አልነገርኳትም።

ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ተማሪዎች ለዕድል አፍንጫውን የሚያሹት የነሐስ ኤሊ አለ። እህቴ ሌላ ነገር የምታይ መስላ ጠጋ አለችና አሸት አደረገችው።

ማታ ቡና ተፈልቶ ልጅቷ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የሚቀጥለው ሥራዋ ወደ አሜሪካ የመጣ የቤተሰብ አባል ታሪክ ነው። እህቴ ሲኒዋን አኖረችና ስልኩን በጎን አየችው።

«ስሜን እንዴት አድርገሽ ነው የምትጽፊው?» አለቻት።